ድንኳን የማይተከልለት ሐዘን

ጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር፣ ከተፈተኑት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። በቁጥር 30 ሺህ አይሞሉም። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ፤ ከዚያ 5.4፤ ከዚያ 8.4። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። አገር ጉድ አለ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ፣ ስለ ትምህርት ሚኒስትሩ ጭካኔ ወይም ቆራጥነት ያልተባለ የለም። ስለ ቀሩት ከ860 ሺህ በላይ ልጆች ግን የተባለው ጥቂት ነው። ውጤቱን በስልካቸው ያዩ ጊዜ አጠገባቸው ማን ነበር? አባታቸው «እሺ፣ እንዴት ሆነ?» ሲሏቸው ምን መለሱ? የዓመቱ ዜና ያለፈው እነዚህን ጥያቄዎች ሳያነሣ ነው።

ይህ ዳሰሳ ስለ እነዚህ ልጆችና ስለ ታላላቆቻቸው ነው፤ በብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲያችን አቆጣጠር ከ15 እስከ 29 ዓመት ስላለው ሰው። ውስጡ ሲታወክ ለምን ይደብቃል? ወዴት ይወስደዋል? የሚረዳውስ ምንድን ነው?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉም የሚመልሰው መልስ አለ፦ «ባህላችን ስሜትን ማውጣት አያስተምርም»። በየሥልጠናው ይባላል፣ በየሬዲዮው ይደገማል። እኔ አልቀበለውም። ለሐዘን የእኛን ያህል ቦታ ያዘጋጀ ሕዝብ ብዙ አይመስለኝም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል። ዕድሩ ወንበሩንና ድስቱን ይዞ ይደርሳል፣ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይቀመጣል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ዘመድ እየተፈራረቀ አብሮት ያድራል። ይለቀሳል፣ ደረት ይመታል፣ «እስቲ እህል ቅመስ» ብሎ በግድ የሚያጎርስ አይታጣም። ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ እየተቆጠረ ሐዘንተኛው ቀስ በቀስ ወደ ኑሮው ይመለሳል። ይህ ሁሉ ግን የሚነሣው ሬሳ ሲኖር ነው። ሦስት ዓመት ሥራ ፈልጎ ያጣ፣ እጮኛው ትታው የሄደች፣ ፈተና የወደቀ፣ ወይም ምክንያቱን ራሱም ሳያውቀው ጠዋት ከአልጋ መነሣት ያቃተው ልጅ ድንኳን የለውም። እሱ መጀመሪያ ምክንያት ማቅረብ አለበት። ካላቀረበ «ምን ጎደለብህ?» ይባላል፤ ምንም ካልጎደለበት ደግሞ ነገሩ ጥጋብ ነው። ካቀረበም «ማን ያልተቸገረ አለ? ሁሉም ችሎት ነው የሚኖረው» የሚል መልስ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ወጣቱ ዝም የሚለው መናገር ስለማያውቅ አይመስለኝም። አስልቶ ነው። ለአለቃው ቢናገር የሥራ ውሉ መታደሱን ይጠራጠራል። ለጎረቤት ቢደርስ፣ ነገ እህቱ ስትታጭ ዘር የሚያጠኑ ሽማግሎች «በቤቱ እንዲህ ያለ ነገር አለ» ይላሉ ብሎ ይሰጋል። ለእናቱ ቢናገር ግፊቷ ይነሣል። ለጓደኛው ቢናገር ጓደኛውም ከእሱ ባልተሻለ ሁኔታ ላይ ነው፤ «አብሽር፣ ያልፋል» ከማለት በቀር በእጁ ምንም የለም። ይህን ሁሉ ደምሮ ሲያበቃ ርካሹ መልስ «ደህና ነኝ» ሆኖ ያገኘዋል። ሒሳቡ ስሕተት ነው ለማለት ይከብደኛል። መለወጥ ያለበት ልጁ የሚያሰላበት ዋጋ ነው።

ስንት ናቸው? እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይበጃል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች መካከል የተደረጉ የጥናት ውጤቶች ሲደረደሩ፣ አንዱ ከተማሪው አንድ አምስተኛው የአእምሮ ጭንቀት ምልክት አለው ይላል፣ ሌላው ከግማሽ በላይ ይላል። ልዩነቱ የግቢዎቹ ብቻ አይደለም። መጠይቆቹ የሚለኩት ያለፉት ሳምንታት ስሜትን እንጂ በሽታን አይደለም፤ በፈተና ሰሞን የተሞላ ቅጽ በመስከረም ከተሞላው ቢለይ አይደንቅም። ከሁሉ የማምነው ልጆችን ከልጅነት እስከ ጉልምስና የሚከታተለውን «ያንግ ላይቭስ» የተባለ ጥናት ነው። በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም የሚካሄድ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ብቻ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን ይዟል። በኮቪድ ዓመት፣ በ2020 እ.ኤ.አ.፣ ለወጣቶቹ ስልክ እየተደወለ ሲጠየቁ ከኢትዮጵያውያኑ ከመቶ 18ቱ ቢያንስ ቀላል የጭንቀት ምልክት፣ 15ቱ ደግሞ የድባቴ ምልክት አሳዩ። በፔሩ የጭንቀቱ ቁጥር 41 ነበር። ፔሩ በወረርሽኙ ክፉኛ መመታቷ የልዩነቱ ዋና ምክንያት ይሆናል። ቢሆንም በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ እናትና ታናናሾች እየሰሙ፣ ለማያውቁት ሰው በስልክ «አዎ፣ ተስፋ ቆርጫለሁ» የሚል ኢትዮጵያዊ ስንት ይሆናል ብዬ ሳስብ፣ 18ን እንደ ጣሪያ ሳይሆን እንደ ወለል አነበዋለሁ።

ዕድሜው ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። በአሜሪካ ተደርጎ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት፣ በሕይወት ዘመን ከሚከሰቱት የአእምሮ ሕመሞች ግማሾቹ እስከ 14 ዓመት፣ ከአራቱ ሦስቱ ደግሞ እስከ 24 ዓመት ዕድሜ መጀመራቸውን አሳይቷል። ማትሪክ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የመጀመሪያ ሥራ፣ የመጀመሪያ ፍቅር፣ ከቤት መውጣት፤ ሁሉም በዚሁ ዕድሜ ተደራርበው ይመጣሉ።

ጫናው ምንድን ነው? ስለ ሥራ አጥነት ከተጻፉት ሁሉ አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዳንኤል ሜይንስ ስለ ጅማ ወጣቶች ያሳተመው የ2012 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ሜይንስ አብሯቸው የዋላቸው ጎረምሶች ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ የሚጠብቁ ነበሩ። አንዳንዶቹ ተሸካሚነት ወይም ሊስትሮ መሥራት ይችሉ ነበር፤ በተወለዱበት ከተማ፣ በሚያውቃቸው ሰው ፊት ግን አልሆነላቸውም። አሜሪካ ቢሄዱ ያንኑ ሥራ ሳያፍሩ እንደሚሠሩት ይናገራሉ። ከገንዘብ እጦቱ በላይ ያስጨነቃቸው ያለቅጥ የተረፋቸው ጊዜ ነበር፤ ሲውል ሲያድር ሐሳብ ያበዛባቸዋል፣ ሐሳቡን ለማባረር ጫትና ፊልም ቤት ይገባሉ።

የዛሬው ወጣት ከዚህ ይለያል ባይ ነኝ። ይሉኝታው ረግቧል፤ ዲግሪ ይዞ ራይድ የሚነዳ፣ በሞተር ምግብ የሚያደርስ፣ ጀበና ቡና ዘርግቶ የሚሸጥ ሞልቷል። አሁን የጠፋው ጊዜ ነው፤ ኑሮው አያስቀምጠውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ፤ ደመወዙ ግን በዚያው ፍጥነት አላደገም። በዚያው ዓመት የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ጭማሪውን ሊገድብ ቢሞክርም፣ መጀመሪያ ቤቱን ማግኘት ያስፈልጋል። በኩር የሆነ ልጅ ደመወዙን ከመቀበሉ በፊት ያከፋፍለዋል፦ የታናሽ ትምህርት፣ የእናት መድኃኒት፣ ዕቁብ፣ ኪራይ። የተረፈውን መናገር ያሳፍራል። ቤተሰብ እሱን እንደ ደረሰ ዛፍ ያየዋል፤ እሱ ደግሞ ገና ሥር አልያዘም። የቤተሰቡ ተስፋ እሱ ስለሆነ ተስፋ መቁረጥ አልተፈቀደለትም። በዚህ ላይ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር «ድግሱን መቼ ነው የምንበላው?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ለሴቶቹማ ከ25 በኋላ ሰላምታ እስኪመስል ይደጋገማል። ማታ ቲክቶክ ሲከፈት የዕድሜ እኩያው አዲስ መኪና ላይ ተደግፎ ይታያል።

ስለ ጦርነቱ እዚህ በአጭሩ ማለፌ ነገሩ ቀሎብኝ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር፣ ከዚያም በፊትና በኋላ በኦሮሚያ፣ ጥቅምት 2015 ላይ የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ከተፈረመም በኋላ እንደገና በአማራ ክልል፣ የዚህ ትውልድ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተነሥተው ለመሣሪያ፣ ለስደት ወይም ለመጠለያ ተዳርገዋል። የእነሱ ቁስል የራሱ ዳሰሳ ይፈልጋል፤ «ጭንቀት» በሚል ቃል ከኪራይና ከፈተና ጋር አንድ ላይ ማሰር ነውር ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ሳልቆምበት የማላልፈው በቤተሰብ መካከል ያለው የሁለት ወገን መደባበቅ ነው። መርዶን እንዴት እንደምናረዳ እናውቃለን። ለሟች ልጅ አይደወልም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ በር ላይ ይቆማል። ልጁ ውጭ አገር ከሆነ፣ በተለይ ብቻውን ከሆነ፣ ወራት ሙሉ ይደበቃል፤ አያቱን ሲጠይቅ «ተኝተዋል»፣ «ገጠር ሄደዋል» ይባላል። ይህ ክፋት የለበትም፤ ርኅራኄ ነው። ልጆቹ ግን ከወላጆቻቸው የተማሩት ይህንኑ ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ የ22 ዓመት ልጅ ደመወዟ ሲከለከል፣ ፓስፖርቷ ሲያዝ፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣት በስልክ የምትለው «ደህና ነኝ እማዬ፣ ብሩ ደረሰሽ?» ነው። እናትም ወዲያ ማዶ መታመሟን ትደብቃለች። ሁለቱም እየተዋደዱ ነው፤ ሁለቱም ብቻቸውን ናቸው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፣ በከባድ የአእምሮ መታወክ ላይ ሆነው የደረሱ ሴቶች ነበሩ። አጋር ኢትዮጵያን የመሰሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች እንዲህ ያሉትን ተቀብለው ያስጠልላሉ፣ ያሳክማሉ። ለብዙዎቹ ከሕመሙ ይልቅ የከበደው ባዶ እጅ ወደ ሰፈር መመለስ ነበር። ሰሜን አሜሪካ ያሉትም ከዚህ አላመለጡም፤ በቶሮንቶ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ተደርጎ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአሥሩ አንዱ ገደማ በሕይወት ዘመኑ የድባቴ ሕመም እንደያዘው አግኝቷል።

ታዲያ ወጣቱ ሸክሙን ወዴት ይዞ ይሄዳል? እያንዳንዱ በር የራሱ መግቢያ ወረቀት አለው። ጸበል ቦታ ነገሩ የመንፈስ ሥራ ሆኖ መቅረብ አለበት፤ ቤት ውስጥ ድካም፤ ጤና ጣቢያ ደግሞ ጨጓራ። በተለይ ጨጓራ! በከተሞቻችን ስንት የተጨነቀ ሰው «ጨጓራዬን ነው» ብሎ ኦሜፕራዞል ይዞ እንደተመለሰ ፈጣሪ ይቁጠረው። ሰውየው አልዋሸም። ሆዱን በእርግጥ ያቃጥለዋል፣ ልቡ በእርግጥ ይመታል፣ ራሱን ይከፍለዋል። ሐኪሙ ደግሞ ወረፋ የያዘ መዓት ሰው ስላለበት ከሆድ በላይ አይጠይቅም። በሶዶ ወረዳ የተደረጉ ጥናቶችም የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ድባቴ ያለባቸውን እጅግ ብዙ ታካሚዎች ሳይለዩ እንደሚያሳልፏቸው አሳይተዋል።

በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመው የዶ/ር አታላይ ዓለም የቡታጅራ ጥናት የገጠሩ ሰው ለአካል ሕመም ዘመናዊ ሕክምናን፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ባህላዊውን እንደሚመርጥ አመልክቶ ነበር። የከተማው ወጣትም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ስለ ጸበል፣ ስለ ቁርኣን ማስቀራት፣ ስለ ጸሎት ቤት ፈውስ የሚጽፉ ሰዎች ወይ ይሳለቃሉ ወይ ይፈራሉ፤ ሁለቱም አይጠቅምም። ጸበል ቦታ የሄደ ልጅ ሆስፒታል የማይሰጠውን ያገኛል፦ ማልዶ የሚነሣበት ሰዓት፣ አብሮት የሚጸልይ ሰው፣ ጮሆ የሚያለቅስበት ቦታ፣ «የአንተ ጥፋት አይደለም» የሚል ቃል። አደጋው መድኃኒቱን ጣል ሲባል፣ በሰንሰለት ሲታሰር፣ ወይም ጎረቤት በቡዳነት ሲጠረጠር ነው። በእንጦጦ ማርያም ጸበል አካባቢ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተግባብተው የሠሩበት ክሊኒክ አለ፤ ልምዱ በ2021 እ.ኤ.አ. በአንድ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። መጠመቁም አይቀርም፣ ክኒኑም አይቋረጥም። ሃይማኖትና ሕክምና ይጋጫሉ እያሉ መድረክ ላይ ከመከራከር ይህን አንድ ክሊኒክ አሥር ቦታ ማባዛት ይሻላል።

ጫትና ድራፍትም በሮች ናቸው፤ ወረቀት የማይጠይቁት እነሱ ብቻ ናቸው፣ ለዚህም ነው የሚሞሉት። ሌላ አዲስ በርም ተከፍቷል፦ አነቃቂ ንግግር። የአእምሮ ሐኪሙና ደራሲው ዶ/ር ምሕረት ደበበ በመጽሐፎቹና በመድረክ ስለ ውስጣችን እንድናወራ መንገድ ከከፈቱት አንዱ ነው። ከኋላ የተከተለው ጭፍራ ግን አብዛኛው ሐኪም አይደለም። «አስተሳሰብህን ቀይር፣ ሕይወትህ ይቀየራል» የሚለው ስብከት የኪራዩን ጥፋት በተከራዩ ጭንቅላት ላይ ይጥላል። ንግግሩን ሰምቶ ሕይወቱ ያልተቀየረለት ልጅ አሁን ሁለት ሸክም አለው፤ ችግሩና «ማሰብ እንኳ አልቻልኩበትም» የሚል ኀፍረት።

ወደ ሕክምናው እንምጣ። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ስሙ ከሰፈሩ አልፎ ስድብ ሆኗል፤ «አማኑኤል ግባ» የተባለ ልጅ ስለ ድባቴው ለመናገር መቶ ጊዜ ያስባል። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር፣ 70 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባለበት አገር የነበሩት ስፔሻሊስቶች አሥር ገደማ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ አድጓል፤ በሪፈራል ሆስፒታሎች ክፍሎች ተከፍተዋል፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሕክምናውን እንዲሰጡ ማሠልጠን ተጀምሯል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ የገጠር ሙከራ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ቢያክሟቸው ውጤቱ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚመሩት እንደማያንስ አረጋግጧል። ትልቅ ነገር ነው። ግን እነዚህ ሁሉ የተዘጋጁት በይበልጥ ለከባዱ ሕመም ነው። ሥራውን እየሠራ፣ እየሳቀ፣ ውስጡ ባዶ ለሆነው ልጅ መሐሉ ላይ የተቀመጠ ነገር የለም፤ ወይ «አብሽር» ነው ወይ አማኑኤል።

ይህ ክፍተት ሊሞላ እንደሚችል ሌሎች የአፍሪካ አገሮች አሳይተውናል። በዚምባብዌ ዶ/ር ዲክሰን ቺባንዳ የሰፈር አሮጊቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የተጨነቀ ሰው መጥቶ ስድስት ጊዜ ያህል ያወራቸዋል። ወሬው «ስሜትህን ግለጽልኝ» ብሎ አይጀምርም፤ ችግሮችህን ዘርዝር፣ ከእነሱ አንዱን ምረጥ፣ ለእሱ በዚህ ሳምንት ምን ታደርጋለህ የሚል ነው። በ573 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ሙከራ ከስድስት ወር በኋላ የድባቴና የጭንቀት ምልክታቸው በግልጽ መቀነሱን አሳየ። በኬንያ «ሻሚሪ» የተባለው ፕሮግራም ገና ከትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ለተማሪዎች አራት ሳምንት በሚሰጡት ቆይታ ተመሳሳይ ለውጥ አግኝቷል። የአግዳሚ ወንበሩ ብልኀት ኪራዩን ከሐዘኑ አለመለየቱ ነው። ሥራ ያጣን ልጅ ስለ ልጅነቱ ብቻ መጠየቅ ፌዝ ነው፤ ሥራ ሰጥቶ «ይበቃሃል» ማለትም አይሆንም፣ ድባቴ አንዴ ከያዘ ደመወዝ ብቻውን አያስለቅቀውምና።

ልጁ ራሱስ ምን ያድርግ? በምርምር የጸናው ምክር ሲሰሙት ተራ ይመስላል። ደስ እስኪል ድረስ አትጠብቅ፤ ቀድሞ ደስ ይልህ ከነበረው ነገር ትንሹን መርጠህ ሰዓት ወስነህ አድርገው፣ ስሜቱ ከኋላ ይመጣል። የመኝታና የመነሻ ሰዓትህን አታዛባ። በጫት ያመለጠ እንቅልፍ በነገታው ድብርት ሆኖ እንደሚመለስ እወቅ። ችግርህን ለአንድ ሰው ንገር፤ ለአሥር ሰው መናገር የለብህም። ጓደኛ የሆነው ደግሞ «አይዞህ»ን ለመጨረሻ ያቆየው። አይዞህ ቶሎ ሲመጣ ወሬውን ይዘጋዋል፤ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይከፍተዋል።

መቼ ነው ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው? በአማርኛ ተተርጉሞ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተፈተሸ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መለኪያ አለ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፦ ፍላጎት ማጣት፣ ሐዘን፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ራስን መውቀስ፣ ማተኮር አለመቻል፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፤ ድምሩ 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል ተብሎ ይወሰዳል። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ተመኝተህ ታውቃለህ ይላል። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ማስገባት ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም፤ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣና ለብዙዎች እፎይታ እንደሚሆን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ራስን ማጥፋት ከሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ነው። በእኛ ዘንድ ፍትሐት እንዳይከለከል፣ የቤቱም ስም እንዳይነሣ ቤተሰብ ሌላ ምክንያት ስለሚናገር ቁጥሩ ከመዝገብ ይጎድላል። «አዎ» ያለ ሰው ብቻውን አይተውም፤ መድኃኒቱ፣ መርዙ፣ መሣሪያው ከአጠገቡ ይነሣል፤ በዚያው ቀን አብሮት ሰው ወደ ሆስፒታል ይሄዳል።

አንዳንዶች ሥራውን ለዕድር እንስጠው ይላሉ። መነሻ አላቸው፤ በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች ለሟች ብቻ የነበረውን መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያሉ ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀምረው ነበር። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ግን የዕድር አባል አባትና እናት ናቸው። ምስጢሩን ከጎረቤት የሚደብቅ ልጅ ለዕድሩ ዳኛ አይነግርም፤ ከሰፈር ሰፈር እየተዘዋወረ የሚከራይ ወጣትማ ዕድር የለውም። በዩኒቨርሲቲ ያሉት የሃይማኖት ማኅበራት፣ ግቢ ጉባኤው፣ ጀመዓው፣ ፌሎሺፑ የተሻሉ ናቸው፤ ወጣቱ በየሳምንቱ በራሱ እግር የሚሄድባቸው ቦታዎች ስለሆኑ በየአንዳንዳቸው ማዳመጥ የሠለጠኑ ሁለት ሦስት ልጆች ቢኖሩ ብዙ ይሠራል። ከተመረቀ በኋላ ግን እነሱም ይቀራሉ። ከ23 እስከ 29 ያለው፣ ኪራይ ቤት የሚኖረው፣ ከወላጅ የራቀው ልጅ ከየትኛውም መዝገብ ውጭ ነው። እሱ ሳይጠራ የሚመጣበት አንድ ቦታ የሰፈሩ ፋርማሲ ነው፤ ለጨጓራው። ከዘጠኙ ጥያቄዎች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ለብቻቸው ማጣሪያ ሆነው እንዲያገለግሉ ተፈትሸዋል፤ ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጁም። የጤና ሚኒስቴር ነገ ሊጀምረው የሚችለው ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ በስድስት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ኦሜፕራዞል የሚገዛን ወጣት ፋርማሲስቱ ጎን ወስዶ እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች እንዲጠይቀው፣ መልሱ «አዎ» ከሆነም የሚልክበት የቅርብ ጤና ጣቢያና የባለሙያው ስም መደርደሪያው ላይ ተጽፎ እንዲገኝ።